የወንድም ጋሼ ዲስክ

እኛ ቤት ኮምፒውተር የገባው በ1994 ዓ.ም. ነው። አባዬ ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ የገዛው ነበር፤ ስክሪኑ ሆዱ ወደ ኋላ የወጣ፣ ሃርድ ዲስኩ 20 ጊጋባይት። ያን ጊዜ 20 ጊጋ ይሞላል ብሎ ያሰበ ማንም የለም። እማዬ ለቴሌቪዥኑ እንደሠራችው ሁሉ ለእሱም ዳንቴል ሠራችለት። ሥራ ሲያልቅ ይሸፈናል፤ ከመሸፈኑ በፊት ደግሞ ሶኬቱ መነቀሉን ራሷ ታረጋግጣለች። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር «ያ ዕቃችሁ ተቃጠለ?» ማለቷ አይቀርም።

የኮምፒውተሩ ጌታ ወንድም ጋሼ ነበር። እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ማየት ተፈቅዶልኛል፤ መንካት ግን «ማሙሽ፣ እጅህን ሰብስብ!» ያስብላል። ማታ ማታ ተራው የአባዬ ነው። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀመ፣ የመምህርነት ዘመኑን ታሪክ በፓወር ግዕዝ ይጽፋል። አንዲት አንቀጽ ስትጠናቀቅ እማዬን ጠርቶ ያነብላታል። እሷም ከወጥ ቤት ሳትወጣ አስተያየቷን ትሰጣለች፤ አስተያየቷ አብዛኛውን ጊዜ «እሱ እንኳ እንዲህ አልነበረም» ነው።

ወንድም ጋሼ ሥራ እንደያዘ አጠራቅሞ ዲጂታል ካሜራ ገዛ። የፊልም ዋጋ የለ፣ የማሳጠቢያ የለ፤ እንዳሻው ያነሳል። ዓመት በዓል፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ምንም የሌለበት እሁድ ከሰዓት ሳይቀር። በኋላ ዲቪ ደረሰውና ለሚሊኒየሙ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ በ1999 መጨረሻ፣ ወደ ሜሪላንድ ሄደ። ከመሄዱ በፊት በነበረው ሌሊት የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ በሙሉ ወደ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሲገለብጥ አደረ። ሻንጣው ውስጥ በበርበሬና በሽሮ መካከል፣ በፎጣ ተጠቅልሎ የሄደው ያ ዲስክ ነው። እስከዚያ ሌሊት ድረስ አንድ የነበረው የቤታችን መዝገብ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሆኖ ኖረ።

እዚህ የቀረው ዲስክ ያላየው መከራ የለም። ሳጥኑ ሲቀያየር እሱ እየተነቀለ፣ ይዘቱም ወደ ሌላ ዲስክ እየተዛወረ ቆየ። በየፍላሹ የሚዞረው ቫይረስ ፎልደሮቹን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ይተክላል፤ ነገሩ ያልገባው ሰው «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ያለቅሳል፣ ባስ ሲልም ፎርማት ያስደርጋል። ለሚያውቅ ግን ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አትሪብ የምትባለውን ትእዛዝ መጻፍ ነው፤ ፎልደሮቹ ከተደበቁበት ይወጣሉ። እንዲህ በደነገጥን ቁጥር ሁሉንም ደግመን እንገለብጣለን። ስለዚህ «ባክአፕ» የሚል ፎልደር ተወለደ፤ ውስጡ «አዲሱ ባክአፕ»፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ «የመጨረሻ»፣ ከእሱ ሥር እንደገና «ባክአፕ»። የልጅነቴ ፎቶዎች በየደረጃው ተደጋግመው ተቀምጠዋል።

ሜሪላንድ የደረሰው ደግሞ የተቀማጠለ ኑሮ ኖረ። ወንድም ጋሼ ማክ ገዛ፤ የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሙም ካሜራው የመዘገበውን ቀን እያነበበ ሁሉንም በየዓመቱ ደረደረለት። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የላክንለትን ዲቪዲ፣ ኋላም በቴሌግራም የላክንለትን ፎቶ እየጨመረበት ሄደ። ቴሌግራም ፎቶን በፎቶነቱ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ የተነሳበትንም ቀን ከላዩ ያራግፈዋል፤ በፋይልነቱ ካልላኩት በስተቀር። ይህን ያኔ ማን አውቆት! እህቴ በስልኳ ፎቶ አግኝታ ስትልክ «ደረሰህ?» ነው እንጂ «በስንት ፒክስል ደረሰህ?» አትልም።

አምና ለጥምቀት ሲመጣ ዲስኩን ይዞ መጣ። አባዬ ነው ያዘዘው። ዓይኑ እየደከመ ስለሆነ ታሪኩን በመጽሐፍ አሳትሞ፣ ፎቶዎችም አስገብቶበት ማየት ፈልጓል። «እኔም እናንተም እያለን ያንን ነገር አንድ አድርጉት» አለ፤ ያንን ነገር ያለው ሁለቱን ዲስኮች ነው።

ወንድም ጋሼ ሁለቱንም ማኩ ላይ ሰክቶ፣ የእሱን ፎልደር ጎትቶ የእኔ ላይ ሊጥል ሲል እጁን ያዝኩት። እኔ አሁን እንጀራዬ ይኸው ነው፤ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር እጠብቃለሁ። «ወንድም ጋሼ፣ እጅህን ሰብስብ!» አልኩት። አባዬ ከሶፋው ሆኖ ሳቀ።

ለምን እንደያዝኩት ልንገራችሁ። ማክ ላይ አንድን ፎልደር ተመሳሳይ ስም ባለው ሌላ ፎልደር ላይ ጥላችሁ ‹ሪፕሌስ› ካላችሁት የነበረውን ከነሆዱ አውጥቶ በምትኩ አዲሱን ያስቀምጣል። ዊንዶውስ ግን ፎልደሮቹን ያዋህድና የሚጋጩትን ፋይሎች ብቻ ይጠይቃል። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፎ ሥራው እንዲህ መለያየቱ የስንቱን ሰው ፎቶ በልቷል። ዊንዶውስም ቢሆን ጥያቄው ሲደጋገም ሰው ይሰለቸውና «ለሁሉም ተካ» ይላል። ፈሪው ደግሞ «ሁለቱንም አስቀምጥ» ይልና በሺዎች የሚቆጠሩ በጅራታቸው (2) የተለጠፈባቸው ፋይሎች ይወርሳል። ሁለቱም መልሶች ለእኛ አይሆኑም ነበር።

ያደረግነው ይህን ነው። ባዶ ሦስተኛ ዲስክ ገዛን፤ በላዩ «አዲስ አበባ» እና «ሜሪላንድ» የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ከፍተን እያንዳንዱን ዲስክ እንዳለ ገለበጥን። ዋናዎቹን ነቅለን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍናቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በግልባጮቹ ላይ ነው።

መጀመሪያ የታየን የዓመት ጉዳይ ነው። የእኔ ላይ ‹2005› የሚል ፎልደር አለ፤ የእሱም ላይ አለ። የእኔ 2005 የእኛው ነው፤ ጥቅምት ላይ ዋልያዎቹ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፉ ዕለት መንገድ ወጥቼ ያነሳኋቸው ፎቶዎች አሉበት፤ ፊቱን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀባ ሕዝብ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የወጡ ጎረምሶች። የእሱ 2005 የፈረንጆቹ ነው፤ ፕሮግራሙ ከካሜራው ቀን አንብቦ ያወጣው ስም። ውስጡ ያለው በአብዛኛው 1997 ዓ.ም. ነው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ዩኒፎርም ለብሼ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ እጅጌው አጥሮኛል። ‹2000› የሚለውም እንደዚሁ፤ የእኔው ላይ የሚሊኒየሙ ርችት አለ፣ የእሱ ላይ ካሜራው ባትሪው አልቆ ቀኑ ወደ ፋብሪካው መነሻ የተመለሰበት ጊዜ የተነሱ ፎቶዎች ተከማችተዋል፤ ሁሉም ጃንዋሪ አንድ የተነሱ ይመስላሉ። እነዚህ ፎልደሮች በአንድ ጠቅታ ቢዋሃዱ ኖሮ ማንም መልሶ አይለያቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ በእያንዳንዱ የዓመት ስም ጫፍ ላይ ‹ዓ.ም.› ወይም ‹እ.ኤ.አ.› ብለን ጨመርን። ትንሽ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ሳምንት ሥራ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን እሱ ይመስለኛል።

ሰዓቱም ጣጣ አለው። የእህታችን ሠርግ ላይ ሁለት ካሜራ ነበር፤ አንዱ ሰዓቱ በሀበሻ፣ አንዱ በፈረንጅ የተሞላ። በሰዓት ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ሙሽራዋ በአንዱ ካሜራ ቬሎዋን እየለበሰች በሌላው ኬክ ትቆርሳለች። ይባስ ብሎ ሁለቱም ካሜራዎች ፎቶውን የሚቆጥሩት ከ0001 ጀምሮ ነው፤ 9999 ሲደርሱም ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ስለዚህ ቁጥር 0147 በአንዱ የሚዜዎቹ ሆታ ነው፣ በሌላው አማቾቻችን በግ ይዘው ሲገቡ። ስማቸው አንድ፣ ነገራቸው ለየቅል። «ተካ» ብንል በጉ ሚዜዎቹን ይበላቸው ነበር።

ተቃራኒውም አለ። እኔ የፎልደሩን ስም በንጉሡ ‹ሠ› «ሠርግ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ወንድም ጋሼ በእሳቱ ‹ሰ› «ሰርግ» ብሏል። እኔ «ዓመት በዓል»፣ እሱ «አመት በአል»። ለእኛ ልዩነት የለውም፤ ለኮምፒውተር ግን የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0ኛው እትም ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሃሌታው ‹ሀ›፣ ሐመሩ ‹ሐ› እና ብዙኀኑ ‹ኀ› ሦስት ቁጥር ናቸው። የሚገርመው ለአባዬ ስነግረው ደስ አለው። ለተማሪዎቹ ዕድሜውን ሙሉ «በሥርዓቱ ጻፉ» ሲል የኖረ ሰው ነው።

በስም መፍረድ እንደማይቻል ሲገባን ወደ ይዘቱ ሄድን። ዱፕጉሩ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች መጀመሪያ መጠን ያነጻጽራሉ፤ መጠናቸው የተለያየ ፋይሎች አንድ ሊሆኑ አይችሉምና ያልፏቸዋል። መጠናቸው የገጠሙትን ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበው አሻራ ያወጡላቸዋል። ሮናልድ ሪቨስት እ.ኤ.አ. በ1991 የነደፈው ኤምዲ5 ከእነዚህ አሻራ አውጪ ስሌቶች አንዱ ነው፤ ዛሬ ለምስጢር ጥበቃ አይታመንም፣ ለቤተሰብ ፎቶ ግን ይበቃል። ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ጨርሶ ይለወጣል። ስሙ ምንም ይሁን፣ የትም ይቀመጥ፣ አሻራው ከገጠመ ፋይሉ ያው ነው።

ያ የባክአፕ በባክአፕ ቁልል በአንድ ማታ ጸዳ። ማክ በሌላ ዲስክ ላይ ሲጽፍ ከየፋይሉ ጎን የሚተዋቸው፣ ስማቸው በነጥብና በሰረዝ የሚጀምር ጥቃቅን ፋይሎችም ተለቅመው ወጡ። ተደጋጋሚ የተባለውን ግን ወዲያው አላጠፋነውም፤ «ተረፍ» ወደሚል ፎልደር አዛወርነው። እስካሁንም እዚያው ነው።

አሻራው ያስተማረን አንድ ነገር ልጨምር። በአሮጌ ኖኪያ የተቀረጸች አጭር ቪዲዮ ነበረች፤ እማዬ ምጣድ ላይ ሆና «ጭሱ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው፣ አንተ ትቀርጻለህ!» እያለች ትቆጣለች። በሁለቱም ዲስክ ላይ ስሟ አንድ፣ መጠኗም በባይት አንድ ነው። አሻራቸው ግን አልገጠመም። ከፍተን ስናየው የእኔዋ «ጭሱ» ላይ ቀጥ ትላለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዊንዶውስ ፋይል ሲገለብጥ ቦታውን አስቀድሞ በሙሉ መጠኑ ይይዛል፣ ከዚያ ይሞላዋል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ መጠኑ ሙሉ፣ ውስጡ ባዶ ዜሮ የሆነ ፋይል ሊቀር ይችላል። የእኔዋ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። መጠኗን ብቻ አይቶ «አንዷ ትጥፋ» ያለ ሰው ሙሉዋን ሊያጠፋ ይችል ነበር።

ዘፈኑን ብዙም አልደከምንበትም። አንዱን የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን እኔ ከሙዚቃ ቤት በኤምፒ3 አስጭኜው፣ እሱ ከአባዬ ካሴት ራሱ ቀድቶት አገኘን፤ ሁለቱም ይቀመጡ አልን፣ አለፍን።

የአባዬ ጽሑፍ ግን ለየት ያለ ችግር ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ወንድም ጋሼ እዚያ ለሰው ከፍሎ ወደ ዩኒኮድ አስቀየረው፤ ከዚያ በስልክ ለአባዬ እያነበበ አረመው። ያረመው ግን በ1999 ይዞት የሄደውን ነው። አባዬ ደግሞ እዚህ በአሮጌው ፋይል ላይ እስከ 2006 ድረስ መጻፉን አላቆመም። የእሱ የታረመ ነው፣ የእኔ የተሟላ ነው። «የቅርቡን ቀን ያዝ፣ የቆየውን ጣል» የሚለው ደንብ እዚህ አይሠራም። አሻራውም አይረዳም፤ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንኳ በሁለቱ አጻጻፍ ፍጹም የተለያየ ባይት ነው። የእኔን ወደ ዩኒኮድ ቀየርነውና ሁለቱን በወርድ ማነጻጸሪያ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ ልዩነቱን በቀይ ያወጣል።

ምዕራፍ ሁለት ላይ አንድ ቀይ መስመር አየን። በወንድም ጋሼ ቅጂ አባዬ ወደ መጀመሪያው ትምህርት ቤቱ የገባው በበቅሎ ነው። በእኔው ላይ በእግሩ ነው። የቱ ይሻላል ብለን ጠየቅነው። መነጽሩን አወለቀ።

«መጀመሪያ በበቅሎ ብዬ ነበር። ኋላ ለእናታችሁ ሳነብላት፣ ‹ኧረ የምን በቅሎ! እኔ ደጅ ቆሜ ሳይህ አልነበር? ጫማህን በክሩ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ነው የመጣኸው› አለችኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እሷ ካለች በእግሬ ነዋ!»

በቅሎዋ ሜሪላንድ ቀረች።

መጨረሻ ላይ የቀረው ዝርዝር ውስጥ «እማዬ» የሚል ፎልደር ነበር፤ ከወንድም ጋሼ ዲስክ። ፕሮግራሙ በውስጡ ያለውን በሙሉ ተደጋጋሚ ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ትክክል ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ በየዓመቱ ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ አሻራውም ያው ነው። ከፈትኩት። እማዬ ለፎቶ ብላ የቆመችበት አንድም የለም። የአክስታችን ልጅ ምርቃት ነው፤ ተመራቂዋ መሃል ላይ፣ እማዬ ከበስተኋላ ጎንበስ ብላ የወደቀ አበባ ታነሳለች። የእኔ ልደት ነው፤ በስተቀኝ ጫፍ ላይ ጀበና የያዘ እጅ ብቻ ይታያል፣ አምባሯ ግን ያስታውቃል። እኛ ግቢው ውስጥ ተሰልፈን ስንስቅ፣ ከጀርባችን በመስኮቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታያለች። ፎቶው ደብዛዛ ነው።

«እነዚህ ሁሉ በየዓመቱ ፎልደር ውስጥ አሉ፤ ላውጣቸው?» አልኩት።

«እስቲ ቆይ» አለ። እማዬ በ2008 ስታርፍ የወረቀት ጉዳይ ይዞት ለቀብሯ አልደረሰም። የሌሊት ፈረቃ ነበር የሚሠራው። «ጠዋት ስገባ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ዲስኩን እከፍትና ያለችበትን ሁሉ እፈልጋለሁ። የቆመችባቸውን ጨረስኩ፤ ከዚያ ጥግ ጥጉን ማየት ጀመርኩ።»

ያው ፎቶዎች እኔም ዘንድ ነበሩ። ያንን እጅ አይቼው አላውቅም።

ፕሮግራሙ አንድን ፎልደር «መነሻ» ብላችሁ ስታስመዘግቡት ከውስጡ ምንም አይነካም። «እማዬ»ን እንዲያ አደረግኩት። የዓመታቱ ፎልደሮችም እንዳሉ ቀሩ፤ ምርቃቱ ያለ ምርቃት ፎቶ አይሆንምና። በመጠን ሁለት ጊጋ እንኳ አይሞላም፤ ዛሬ ይህ የአንድ ፊልም ቦታ ነው። ወንድም ጋሼ የለቀማቸውን ፎቶዎች የለቀመበት ምክንያት በፋይሉ ውስጥ የለም፤ አሻራ አውጪውም ሊያየው አይችልም። እሱ አጠገቤ ባይቀመጥ ኖሮ እኔም አላየውም ነበር።

አሁን የተዋሃደው አንድ ሆኖ ሦስት ቅጂ አለው፤ አንዱ አባዬ ቤት፣ አንዱ እህታችን ዘንድ፣ አንዱ ሜሪላንድ። የአባዬ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው፤ ፎቶዎቹን የመረጠው ወንድም ጋሼ ነው።

እናንተም በየመሳቢያችሁ ከወንድም ወይም ከእህት ጋር የተከፋፈላችሁት ዲስክ ካለ፣ ሳይበላሽ ለማዋሃድ አትዘግዩ። ነገር ግን ‹ተደጋጋሚውን ሁሉ አጥፋ› የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ተደዋወሉ።